ማንም አላስቀመጣቸውም፦ ካርሉ ካርሉ ያደርንበት ሌሊት

የምሄድበትን ቦታ ስም ስነግራት እናቴ ስልኩ ላይ ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ «በስመ ሥላሴ!» አለች። «ልጄ፣ የሰይጣን ስም ያለበት ቦታ ምን ልትሠሪ ነው የምትሄጂው? ባሕር ዳርቻ ጠፍቶ ነው?»

አልፈርድባትም። እንግሊዝኛው የአውስትራሊያ ካርታ ላይ ለብዙ ዘመን የተጻፈው «ዴቭልስ ማርብልስ» ነው፣ የሰይጣን ብዮች እንደማለት። ማርብል ሲባል እብነ በረድ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም፤ ልጆች አፈር ላይ ተንበርክከው የሚጫወቱባት ብይ ናት። ድንጋዮቹ ደግሞ ግራናይት ናቸው። የአገሩ ሰዎች የሚጠሩት ግን በሌላ ስም ነው፤ ካርሉ ካርሉ ይሉታል። ትርጉሙም «ክብ ድንጋዮች» ነው፣ በቃ። ይኼንን ስነግራት እማዬ ተረጋጋች። እኔም ከዚህ በኋላ በዚሁ ስም ነው የምጠራው።

ለምን እዚያ መሄድ እንደፈለግኩ ግን አልነገርኳትም። ነገሩ የጀመረው ባቢሌ ነው።

ሐረር ነው ያደግኩት። አባቴ ነፍሱን ይማረውና የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ ከሐረር ጅጅጋ ይመላለሳል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንዳንዴ ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ይወስደኝ ነበር። ባቢሌ ላይ ቆመን ለውዝ እንገዛለን፤ ገና ትኩስ ነው፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ። ከባቢሌ ትንሽ አለፍ ስንል ዳካታ ሸለቆ ይመጣል። ያያችሁት ታውቁታላችሁ። ድንጋይ በድንጋይ ላይ፣ ትልቁ በትንሹ ላይ ቆሞ፣ አሁን ወደቀ ስትሉ ሳይወድቅ። ልጅ ሆኜ እዚያ ስንደርስ ጎንበስ እል ነበር፣ የሚወድቅብን እየመሰለኝ። አንድ ቀን «አባዬ፣ ማነው ያስቀመጣቸው?» አልኩት። «ማንም አላስቀመጣቸውም» አለኝ። «እነሱ እዚሁ ነበሩ። ዙሪያቸው የነበረው ነው የሄደው።»

ያኔ አልገባኝም። መልስ ሰልችቶት ያለኝ መሰለኝ። ሜልበርን ከገባሁ ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የቱሪስት መጽሔት ላይ የካርሉ ካርሉን ፎቶ አየሁና ገጹን ማለፍ አቃተኝ። ያው ዳካታ ነው፤ ቀላ ያለ፣ ዙሪያው ሜዳ የሆነ ዳካታ።

ታናሽ ወንድሜ መሃል አውስትራሊያ፣ አሊስ ስፕሪንግስ የምትባል ከተማ ነው የሚኖረው፣ የአረጋውያን እንክብካቤ ውስጥ ይሠራል። ብዙ ሐበሻም ሌላ አፍሪካዊም በዚህ ሥራ ወደዚያ ገብቷል። ሁለት ዓመት ሙሉ «ነይ እንጂ» ሲለኝ ቆይቶ በሐምሌ ሄድኩ። ሐምሌ እዚያም ክረምት ነው፣ ግን ዝናብ የሌለበት ክረምት፤ ቀኑ ልክ እንደ ሐረር ጥቅምት ደስ ይላል፣ ሌሊቱ ግን አጥንት ውስጥ ይገባል። በበጋቸው፣ ማለትም በኛ ታኅሣሥና ጥር፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በዚያ ወቅት መሄድን ለማንም አልመክርም።

እኔ፣ ወንድሜና የሰባት ዓመት ልጁ ሆነን ጠዋት ከአሊስ ስፕሪንግስ ወደ ሰሜን ወጣን። መንገዱ ስቱዋርት ሃይዌይ ይባላል። ከደቡብ ጠረፍ ከፖርት ኦገስታ ተነስቶ አህጉሩን ለሁለት ሰንጥቆ ሰሜን ዳርዊን ድረስ ይሄዳል። እኛ የምንሄደው ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ እንደማለት ነው፣ ግን አንድም ዳገት የለም፣ አንድም መንደር እንደ መንደር የለም። አልፎ አልፎ አንድ ማደያ ከነምግብ ቤቱ ብቻውን ሜዳው ላይ ይቆማል፤ ሮድሃውስ ነው የሚሉት። ማደያ ባያችሁ ቁጥር ነዳጅ ሙሉ። ወንድሜ ይኼንን እንደ ጸሎት ነው የሚደጋግመው።

የስልኩ ኔትወርክ ከከተማ ብዙም ሳንርቅ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለው ቀይ አፈር፣ ቢጫ ሣርና ኩይሳ ነው። ኩይሳው ብዛቱ! አንዳንዱን መንገደኛ ቆሞ ቲሸርትና ኮፍያ አልብሶታል፣ ከሩቅ ሰው ቆሞ የሚጠብቅ ይመስላል። የወንድሜ ልጅ የለበሱትን እየቆጠረች 20 ስትደርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከፊት ለፊት የሚመጡት ሮድ ትሬይኖች ናቸው የሚያስፈሩት። አንድ ጎታች ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተሳቢ አስከትሎ ይመጣል፤ ርዝመቱ ከ50 ሜትር ያልፋል። ሲያልፋችሁ መኪናዋ በነፋሱ ትወዛወዛለች። አባቴ ቢያይ ምን ይል ነበር እያልኩ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ፍጥነቱ እስከ 130 ድረስ ይፈቀዳል፣ ግን ከመሸ በኋላ መንዳት አይመከርም፤ ካንጋሮውም ከብቱም አስፋልቱ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ሁሉም ነገር ፀሐይ ሳትገባ መድረስ ነው።

መሃል ላይ ባሮው ክሪክ የሚባል ቦታ ቆምን። ከድንጋይ የተሠራ የድሮ የቴሌግራፍ ጣቢያ አለ። ይኼ ቦታ ለነገሬ ይጠቅመኛል፣ ምክንያቱም «የሰይጣን ብዮች» የሚለውን ስም ያመጣው ይኸው የቴሌግራፍ ሽቦ ነው። በፈረንጆቹ 1870 ጆን ሮስ የተባለ ሰው ሽቦው የሚያልፍበትን መስመር ፍለጋ ቡድን እየመራ እዚህ አገር ገባ። ሽቦው በ1872 ተጠናቀቀ፤ ከደቡብ እስከ ዳርዊን ወደ 3,200 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከዚያ በባሕር ሥር ገመድ አውስትራሊያን ከዓለም ጋር አገናኛት። እንግዲህ ሮስ ድንጋዮቹን ሲያይ፣ ይኼ የሰይጣን አገር ነው፣ የብይ ከረጢቱን እዚህ ዘርግፎ ሄዷል አለ ይባላል። አንድ የደከመው መንገደኛ የተናገራት ነገር ከመቶ ዓመት በላይ የቦታው ስም ሆና ቀረች። በዚያው ቦታ ስም፣ ዘፈንና ሥርዓት ይዘው ለሺህ ዓመታት የኖሩ ሰዎች እያሉ ማለት ነው።

ዋካፕ የምትባለውን የመጨረሻዋን ማደያ አልፈን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ወንድሜ «በግራሽ እዪ» አለኝ።

አስቀድሞ ያየሁት አንድ ብቻውን የቆመ ነው። ከዚያ ሁለት። ከዚያ አስፋልቱ ራሱ በመሃላቸው ያልፋል፣ በቀኝም በግራም ድንጋይ ሆነ። ሜዳው ላይ ሳያስቡት ድንገት ነው የሚመጡት፣ ተራራ ሳይቀድማቸው፣ ምንም ሳያስታውቅ። እንደ እንቁላል የሆነ አለ፣ እንደ ዳቦ የሆነ አለ፣ አንዱ በሌላው ጫፍ ላይ በጣት ወርድ ብቻ የተነካካ አለ። ትንንሾቹ ግማሽ ሜትር ናቸው፣ ትልልቆቹ ስድስት ሜትር ይደርሳሉ። አንዱ ደግሞ መሃል ለመሃል ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ቢላዋ የገባበት ቂቤ እንጂ ድንጋይ አይመስልም። ያንን ስንጥቅ አይቼ ልጅ ሆኜ ባቢሌ ላይ እንዳደረግኩት አንገቴን ጎንበስ አደረግኩ፤ ሰውነት አይረሳም።

ጥብቅ ቦታው 1,800 ሄክታር ገደማ ነው። የድንኳን ቦታው ድንጋዮቹ ሥር ነው ያለው። ቀድሞ በኢንተርኔት ይያዛል፣ ከክልሉ ውጪ ለሚመጣ ሰው የፓርክ ፈቃድም አለው። የሚጠጣ ውሃ የለም፣ ውሃችሁን ይዛችሁ ነው የምትሄዱት። መጸዳጃ ቤት አለ፣ የጉድጓድ ነው። ዝንብ አለ፣ ያውም ዓይን ውስጥ የሚገባ ዓይነት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ተነጋግረው የተበተኑ ይመስል በአንድ ጊዜ ይጠፋሉ።

ድንኳኑን ተክለን ሳንጨርስ እኔ ወደ ድንጋዮቹ ሄድኩ። አባቴ ያኔ ያለኝ ነገር ትክክል መሆኑን በዓይኔ ማየት ፈልጌ ነበር።

ትክክል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ከ1.5 ቢሊዮን ዓመት በላይ ይሆናል፣ የቀለጠ ድንጋይ ከምድር ሆድ ወደ ላይ እየገፋ መጥቶ ገጹ ላይ ሳይደርስ እዚያው ውስጥ ቀዝቅዞ ጠጠረ። ግራናይቱ ይኼ ነው። ከላዩ ላይ ሌላ ከባድ ድንጋይ ተጭኖት ነበር። ያ ጭነት በዘመናት ብዛት ተሸርሽሮ ሲያልቅ ግራናይቱ ሸክም እንደወረደለት ሰው ተነፈሰ፣ ለጠጥ አለ፣ ለጠጥ ሲል ደግሞ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ ቀጥ ያለ ነው፣ ወደ ታችም ወደ ጎንም፤ አንዱ ግዙፍ ድንጋይ እዚያው መሬት ውስጥ እንዳለ እንደ ጥርብ ድንጋይ ባለ አራት ማዕዘን ብሎኬት ሆነ። ከዚያ ውሃ በስንጥቁ ገባ። ውሃ ግራናይትን ቀስ ብሎ ያበሰብሳል። የብሎኬቱን ፊት ከአንድ ወገን ብቻ ነው የሚያገኘው፣ ጠርዙን ከሁለት፣ ማዕዘኑን ግን ከሦስት ወገን። ስለዚህ ቀድሞ የሚያልቀው ማዕዘኑ ነው። የልብስ ሳሙና አዲስ ሲሆን ማዕዘን አለው፣ ትንሽ ካጠባችሁበት በኋላ ይሞላልላል፤ ያው ነው። መጨረሻ ላይ የበሰበሰው አሸዋ ሆኖ በዝናብና በነፋስ ሄደ፣ ያልበሰበሰው እምብርቱ ቀረ። አንዱ በአንዱ ላይ የቀረውም ድሮውንም አንዱ ብሎኬት በአንዱ ላይ ስለነበረ ነው።

ማንም አላነሳቸውም። ማንም አልደረደራቸውም። እዚሁ ነበሩ፣ ዙሪያቸው የነበረው ነው የሄደው።

አባዬ ስድስተኛ ክፍልን አልጨረሰም። ያ መንገድ ላይ ሃያ ምናምን ዓመት ሲመላለስ ግን በዓይኑ አይቶ ነው ያወቀው። ዝናብ ከዘነበ በኋላ ድንጋዮቹ ሥር ያለው አሸዋ ወደ አስፋልቱ ሲወርድ አይቶ። ድንጋዩ ላይ እጄን አድርጌ ትንሽ አለቀስኩ፣ ወንድሜ ከሩቅ አይቶኝ ዝም አለ።

ቀረብ ብላችሁ ስታዩት ሥራው አሁንም አላለቀም። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ላዩ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ ይነሳል። ከሥራቸው የወደቀውን ቅርፊት ታያላችሁ። ቀለሙ ቀይ የሆነው ውስጡ ባለው ብረት ዝገት ነው፤ አዲስ የተሰበረበት ግን ግራጫ ነው። በጥላቸው ሥር ትንንሽ ወፎች ከጭቃ የጠርሙስ አንገት የመሰለ ጎጆ ሠርተው ተደርድረዋል። አርጃኖም አየን፣ ከኛ ይልቅ እሱ ነው የቤቱ ባለቤት የሚመስለው። በመካከላቸው ግንዱ ኖራ የተቀባ የሚመስል ነጭ ባሕር ዛፍ ይበቅላል። ባሕር ዛፍ በገዛ አገሩ! እኛ ጋ በምኒልክ ዘመን የገባው ዘመዱ ነው። እዚህ ማንም አልተከለውም፣ ማንም ለማገዶ አይቆርጠውም፤ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሥሩን ሰዶ ለብቻው ቆሟል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይኼ ቦታ ድንጋይ ብቻ አይደለም።

ካርሉ ካርሉ የአራት ሕዝቦች መገናኛ ነው፤ ዋሩሙንጉ፣ ካይቴች፣ አልያዋርና ዋርልፒሪ። ለእነሱ የተቀደሰ ቦታ ነው፤ ብዙው ታሪኩ የተፈቀደለት ሰው ብቻ የሚሰማው ነው። ለእንግዳ እንዲነገር የፈቀዱት ጥቂቱ በቦታው ተጽፏል። አራንጌ የሚባል አንድ የጥንት አባት ከቅርብ ኮረብታ ወጥቶ በዚህ ያልፋል። እየሄደ ፀጉር ይፈትላል፣ የጎልማሳ ወንዶች የሚታጠቁትን የፀጉር መቀነት ለመሥራት። ሲፈትል ብጥስጣሹ ከእጁ እየወደቀ ድንጋይ ሆነ። ሲመለስም መንገድ ላይ እንትፍ አለ፣ ምራቁም ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ወደ ወጣበት ኮረብታ ገባ፣ አሁንም እዚያው ነው።

ይኼንን ለወንድሜ ልጅ በአማርኛ ስነግራት «ፀጉር እንዴት ይፈተላል?» አለችኝ። እናቴ በእንዝርት ጥጥ ስትፈትል በቪዲዮ አይታ ታውቃለች። «ልክ እንደ አያትሽ» አልኳት። ወዲያው ገባት። እንግሊዝኛ ከአማርኛ የሚቀላት ልጅ የአውስትራሊያን የጥንት ተረት በሐረር አያቷ እንዝርት በኩል ተረዳችው። እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር ደስ ይለኛል።

ድንጋዮቹ ላይ መውጣት ነውር ነው። ባለቤቶቹ አትውጡ ብለው ይለምናሉ፣ ምልክትም አለ። ቢሆንም አንድ ሁለት ጎረምሶች ጫፍ ላይ ቆመው ፎቶ ሲነሱ አየሁ። አዘንኩ። ላሊበላ ላይ ቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ላይ አንድ ቱሪስት ጫማውን አድርጎ ወጥቶ ቢዘል ምን ይሰማናል? ያው ነው። ከታች ሆኖ ለማየት መንገድ ሞልቷል፤ አጭር ዙሪያ መንገድ አለ፣ ትንሽ ከፍ ብሎ ሁሉንም የሚያሳይ ንያንጂኪ የሚባል ማማተሪያም አለ።

ሲመሽ እሳት አጠገብ ተቀምጠን ቆሎ እየበላን ሳለ የወንድሜ ልጅ ኪሷን ስትዳብስ አየኋት። ትንሽ ቀይ ድንጋይ ነበረች፣ የእንቁላል ግማሽ የምታክል። «አክስቴ፣ ለትምህርት ቤት ነው» አለችኝ። ወንድሜ ሊቆጣ ሲል እኔ ቀደምኩት። የአንድ ድንጋይ ታሪክ ልንገርሽ አልኳት።

ከቦርሳዬ ባለ 20 ዶላር አወጣሁ። በአንዱ ፊት ያለው መነጽር ያደረገ ሰው ጆን ፍሊን ይባላል። ቄስ ነበር። ሐኪም በማይደርስበት በረሃ ሰው በወሊድና በቁስል ሲሞት አይቶ፣ ለምን ሐኪሙ በአውሮፕላን አይሄድም ብሎ ተነሳ፤ በ1928 በራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ተጀመረ። እስከ ዛሬ ይሠራል። መልካም ሰው ነው፣ ይኼንን አንድም ሰው አይክድም። በ1951 ሲሞት አመዱ አሊስ ስፕሪንግስ አጠገብ ተቀበረ። ታዲያ ለመቃብሩ የሚመጥን ምልክት ሲፈለግ የመንግሥት ሠራተኞች እዚህ ካርሉ ካርሉ መጡና ከድንጋዮቹ አንዱን በመኪና ጭነው ወሰዱ። 400 ኪሎ ሜትር። ባለቤቶቹን የጠየቀ የለም። ያኔ ባለቤት አለው ብሎ ያሰበም ያለ አይመስልም።

ለክብር ነው የወሰዱት። ይኼ ነው እኔን የሚከነክነኝ። በክፋት ቢሆን ነገሩ ቀላል ነበር። ለአንድ ደግ ሰው ክብር ሲሉ የሌላውን ሰው ቤተ መቅደስ ቆርሰው ሄዱ። ቢሊዮን ዓመት ሲቆጥር ካለበት ንቅንቅ ያላለ ድንጋይ ነው እኮ፣ ውሃና ንፋስ ያላነሱት። ያነሳው የመጀመሪያው ነገር ሰው ነው።

ባለቤቶቹ አልረሱም። ለብዙ ዓመታት ያ ድንጋይ የኛ ነው፣ ይመለስ አሉ። ረጅም ንግግር ተደረገ። በ1990ዎቹ ማብቂያ ላይ ድንጋዩ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ያ ብቻ ቢሆን የቄሱ መቃብር ባዶ ይቀር ነበር። ግን የአሊስ ስፕሪንግስ መሬት ባለቤቶች አረርንቴዎች ከራሳቸው አገር ሌላ ድንጋይ ሰጡ፣ በፈቃዳቸው። መቃብሩ ድንጋይ አላጣም። ይኼንን ሳነብ ከሁሉም በላይ የነካኝ እዚህ ጋ ነው።

እኛ ሐበሾች ይኼ ታሪክ አይጠፋንም። የአክሱም ሐውልት በ1937 ተጭኖ ሮም ሄደ። በ1947ቱ ውል ይመለሳል ተባለ፣ የተመለሰው በ2005 ነው። አስታውሳለሁ፣ እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ እልል ብላለች። አክሱምን አይታው አታውቅም። ጎረቤታችን የነበሩ አደሬ እናትም መጥተው አብረው እልል አሉ። በ2008 ሐውልቱ በቦታው ተተከለ። በዚያው በ2008 የካርሉ ካርሉ መሬት በሕግ ለባለቤቶቹ ተመለሰ፤ አሁን ለፓርኩ መሥሪያ ቤት ለ99 ዓመት አከራይተውት በጋራ ያስተዳድሩታል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መሆናቸው እንዲሁ መገጣጠም ነው፣ እኔ ግን እዚያ ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ሳስበው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

የወንድሜ ልጅ ድንጋይዋን ይዛ ተነሳች። «የት ነበር ያነሳኋት?» አለች። በስልክ መብራት ፈለግን። ስፒኒፌክስ የሚባለው ሣር እንደ መርፌ ነው፣ እግራችንን ወጋጋን። ቦታዋን አገኘችው፣ አሸዋው ላይ የድንጋይዋ ቅርጽ ጎድጉዶ ነበር። እዚያው አስቀመጠቻት። አንዴ ዞር አድርጋ በትክክለኛው ጎኗ አስተካከለቻት።

ሌሊቱ በጣም ቀዘቀዘ። የያዝኩት ብርድ ልብስ ስስ ነበር፣ ከለሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወጣሁ። ጨረቃ የለችም። ኮከቡ ግን ለመቁጠር አይደለም ለማየትም ይከብዳል፣ በድንጋዮቹ መካከል ድረስ ወርዶ ይታያል። አንዱን ድንጋይ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ሞቃት ነበር። ቀን የጠጣውን ፀሐይ እስከዚያ ሰዓት ድረስ አልጨረሰውም፤ ጀርባዬን እንደ ምድጃ ግድግዳ አሞቀኝ። ራቅ ብሎ ዲንጎ የሚባለው የዱር ውሻ ጮኸ፣ ሌላው መለሰለት። በአስፋልቱ ላይ አንድ ሮድ ትሬይን ሲያልፍ ከመድረሱ በፊት ብዙ ደቂቃ፣ ካለፈም በኋላ ብዙ ደቂቃ ይሰማል። እዚያው ሸለብ አደረገኝ።

ሲነጋ ድንጋዮቹ መጀመሪያ ሐምራዊ ናቸው፣ ከዚያ ጫፋቸው ብቻ ይቀላል፣ ከዚያ ቀይው ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ምሽቱን ሁሉም ሰው ያወራለታል፣ እኔ ግን ንጋቱን አስበልጣለሁ፤ ዝንቡም ሰዉም ገና አልተነሳም። ቡና አፍልተን ጠጣን። ጀበና አልያዝንም ነበር፣ በድስት ነው ያፈላነው።

ስንመለስ ስልኩ የሠራው አሊስ ስፕሪንግስ ልንደርስ ስንል ነው። ፎቶዎቹን ለእናቴ ላክኩላት። ወዲያው ደወለች።

«አንቺ፣ ባቢሌ መቼ ሄድሽ?»

«ባቢሌ አይደለም እማዬ።»

«ነው እንጂ። ይኼ ዳካታ ነው፣ አባትሽ የሚያቆምበት ጋ።» አልተከራከርኳትም።

ቤት ከመግባታችን በፊት ወንድሜን ለምኜው ወደ ምዕራብ ታጠፍን። የጆን ፍሊን መቃብር ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፣ ማውንት ጊለን ከሚባለው ተራራ ሥር። ማንም አልነበረም። አረርንቴዎች የሰጡት ድንጋይ ላዩ ላይ ቆሟል። የወንድሜ ልጅ ዞረችው። እጇን ልታደርግበት ብላ ቆመችና ዞራ አየችኝ፣ በጭንቅላቴ እሺ አልኳት።

ወንድሜ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆሞ ነበር። «ሁለት ዓመት በዚህ መንገድ አልፌያለሁ» አለ። «ቆሜ አላውቅም።»